ጌጁ ገብቷል፣ ቺፑ ግን ሰማያዊ ነበር፤ ልናገር ወይስ ልተወው?

ጀማሪ_ኦፕሬተር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ወጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ቤት ገብቼ ልተኛ ብል እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

የምኖረው ከንት ነው፣ ሲያትል አጠገብ። በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭን ቆየሁ። አሁን አንድ የሲኤንሲ ሾፕ (ኮምፒዩተር በሚያዛቸው ማሽኖች ብረት የሚቆርጥ ድርጅት) ውስጥ በማታው ሺፍት ኦፕሬተር ሆኜ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሾፑ ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ከባድ ነው። ሰኞ የአውሮፕላን ፓርት እንሠራለን፤ ሐሙስ እዚያው ማሽን ላይ ለተሰበረ አጥንት የሚታሰር ፕሌት ይወጣል። ሥራውን እወደዋለሁ። ባልወደው ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅኩ።

የዛሬው ሥራ ቲታኒየም ነው። 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት፣ ስክስ-ፎር የሚሉት። ትእዛዙ 40 ፍሬ ነው፤ እያንዳንዱ ላይ 4 ቀዳዳ አለ። መጀመሪያ 5.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (መብሻ) ይበሳዋል፣ ከዚያ ሪመር (ቀዳዳውን በትንሹ አስፍቶ የሚያስተካክል መሣሪያ) ወደ 6 ያመጣዋል። ጥልቀቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው። የሚፈቀደው ልክ ከ6.000 እስከ 6.012 ነው። በ12 ማይክሮን ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው።

17ኛው ፓርት፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ማሽኑ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ፊድ ሆልድ፣ ማሽኑን ባለበት የሚያቆመውን ቁልፍ፣ ተጫንኩ። በሩን ስከፍት የፑንታው ጫፍ ተሸርፏል። ቺፑ (ተቆርጦ የሚወጣው ፍቅፋቂ) ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኗል። የቀዳዳው አፍ ዙሪያ ደግሞ ወርቅማ ቀለም ይዟል።

ፑንታውን ቀየርኩ። በአዲሱ ቀዳዳውን ጨረስኩት፣ አራተኛውንም በሳሁ፣ ሪመሩ አለፈባቸው። ቀለሙ ጠፋ። የቀዳዳ መለኪያው ጎ ጌጅ (መግባት ያለበት) ገባ፣ ኖ-ጎው (መግባት የሌለበት) አልገባም። ከሌሎቹ ጋር ሳስተያየው ምንም ልዩነት የለውም። ስለዚህ ቀጠልኩና 22 ላይ ሺፍቴ አለቀ። 17ን ከሌሎቹ ጋር ትሪው ላይ ትቼው ወጣሁ። ለሊዴ (ለሺፍቱ ኃላፊ) አልነገርኩትም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልኩ ከገባ ሌላ ችግር ሊኖረው ይችላል? ፓርቱ ምን ላይ እንደሚገባ አላውቅም። ድሮዊንጉ (የፓርቱ ንድፍ) ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ሁለተኛ፣ ልናገር? ባለፈው ወር አንድ ልጅ ሁለት ፓርት አበላሽቶ ሰው ፊት ሲጮሁበት አይቻለሁ። ደብረ ብርሃን እህቴን የማስተምረው በዚህ ደመወዝ ነው። ግን ሆዴን ባር ባር እያለው ነው።

ነገ ከሰዓት በኋላ ነው የምገባው። እባካችሁ ሥራውን የምታውቁ መልሱልኝ።


ሰው_ለሰው፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። እኔ የመኪና ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ 5 ዓመት ሠርቻለሁ። ልኩ ከገባ ገባ ነው። ለዚህ ነው ጌጅ የሚሰጡህ። ካለፈ ይሄዳል፣ ካላለፈ ይጣላል።

ገና ሰባት ወርህ ነው። አንተን ማሰናበት ለእነሱ ቀላል ነው፤ ሌላ ሥራ ማግኘት ግን ለአንተ ቀላል አይደለም። ውስጥህ እምቢ ካለህ ነገ ስትገባ 17ን አንስተህ ስክራፕ ሳጥን (የተበላሸ የሚጣልበት) ውስጥ ክተተውና "አንዱ ተበላሸብኝ" በል። ዝርዝር ውስጥ አትግባ። ፓርቱም ማንም ጋ አይደርስም፣ አንተም እንጀራህ አይዘጋም። የምመክርህ ስለማዝንልህ ነው።


ባለ_ቶርኖ፦

ልጄ፣ ጽሑፍህን ጠዋት ቡና ስጠጣ አነበብኩት። ቡናው በረደብኝ። እኔ ያለሁት ኤቨረት ከተማ ነው፣ ማሽን ላይ ከቆምኩ 21 ዓመት አልፎኛል። ከዚያ በፊት ተግባረ ዕድ ነበርኩ፤ በ1986 ዓ.ም. ነው የገባሁት። ያኔ ሲኤንሲ በሥዕል ነበር የምናየው። ሞርሳ ላይ ብረት አስረን፣ በሊማ ኪዩብ ስናስተካክል ሳምንታት ይፈጁብን ነበር። ቀኝ እጄ እስካሁን ያስታውሰዋል።

ከመጀመሪያው ጥያቄህ ልጀምር። አዎ፣ ልኩ ገብቶም ፓርቱ ሊበላሽ ይችላል። ጌጁ የሚነግርህ ቀዳዳው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው። ግድግዳው ምን እንደሆነ አይነግርህም።

ቲታኒየም ሙቀት ማስተላለፍ ላይ በጣም ደካማ ነው። 6061 አሉሚኒየም ከእሱ ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ተራ ብረት ስትቆርጥ አብዛኛው ሙቀት ከቺፑ ጋር ይወጣል። ቲታኒየም ላይ ግን ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ ፑንታው ጫፍ ላይ ይከማቻል። ፑንታው ስለት እያለው ችግር የለም፣ ይቆርጣል። ስለቱ ሲሸረፍ መቁረጡን ያቆምና ማሸት ይጀምራል። የሰማኸው ጩኸት እሱ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ውስጥ፣ ኩላንቱ (ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) በደንብ በማይደርስበት ቦታ፣ የደነዘዘ ብረት በጉልበት ሲታሽ ምን ያህል እንደሚግል አስበው።

ቲታኒየም ሲግል ደግሞ ዝም ብሎ አይግልም። ከአካባቢው ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይጠጣል። የጠጣው ሽፋን ይጠነክራል፣ እንደ ሸክላም ተሰባሪ ይሆናል። ሽፋኑ ቀጭን ነው፣ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያየኸው ወርቅማ ቀለም ራሱ ኦክሳይድ ነው። (የአጥንት ብሎኖች ላይ የምታየው ሰማያዊና ወርቅማ ቀለምም ኦክሳይድ ነው። እሱ ግን መጠናቸውን ለመለየት ተብሎ፣ ቮልቴጁ ተለክቶ፣ በኤሌክትሪክ የሚወጣ ነው። ያንተ ሳይለካ በሙቀት የመጣ ነው።)

"ሪመሩ አነሳው፣ ቀለሙ ጠፋ" ብለሃል። ቁጥሩን አብረን እንየው። ከ5.8 ወደ 6 ሲሄድ ሪመሩ በየጎኑ የሚያነሳው 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። የተቃጠለው ከዚያ በላይ ጠልቆ እንደሆነ አንተም እኔም አናውቅም። ቀለሙ ስለጠፋ አትጽናና። ቀለሙ ምልክት ነበር፤ አሁን ምልክቱም የለም።

ይህን ሁሉ የማወራህ በነገር ለማስፈራራት አይደለም። ሆኖ ያየነው ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1996 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ፔንሳኮላ አየር ማረፊያ፣ የዴልታ በረራ 1288 ለመነሳት እየሮጠ ነበር። አውሮፕላኑ ኤምዲ-88 ነው። የግራው ሞተር የፊት ፋን ሀብ፣ ማለትም ፋኑን የሚይዘው የቲታኒየም ዲስክ፣ ተሰንጥቆ ተበተነ። ስብርባሪው የአውሮፕላኑን ግድግዳ በስቶ ገባ። እናትና ልጅ ሞቱ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ፈልጎ አገኘው። ሀብ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ከአንዱ ነው። ቀዳዳው ሲበሳ ግድግዳው ላይ ብረቱ ባሕርዩን የቀየረበት ቦታ ተፈጥሯል። ፋብሪካው ውስጥ ሳይጣል አለፈ። ሀቡ ሞተር ላይ ተገጠመ፣ ዓመታት በረረ፣ ስንጥቁም በረራ በቆጠረ ቁጥር እያደገ ሄደ። በኋላ በጥገና ጊዜ የተደረገው የስንጥቅ ምርመራም ሊያየው ሲገባ አመለጠው። መነሻው ግን አንድ ቀዳዳ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን ፊት ቆሞ፣ አንድ ቀን የበሳው ቀዳዳ።

ያንተ ፓርት ሞተር ውስጥ ይገባል እያልኩ አይደለም። ተራ ቅንፍ ሊሆን ይችላል። ግን አንተም አላወቅክም፣ እኔም አላወቅኩም። የሚያውቀው ድሮዊንጉን የሠራው ኢንጂነር ነው። እሱ ደግሞ የሚወስነው ከነገርከው ብቻ ነው።

አሁን ሰው_ለሰው ወንድሜን ልመልስ። የመከረው በቅንነት እንደሆነ ገብቶኛል። መኪና ዕቃ ላይ ያለው ልምድ ግን እዚህ ሁሉ ቦታ አይሠራም። እዚህ እያንዳንዱ ፓርት ቁጥር አለው። ቁጥሩ ከብረቱ የማቅለጫ ቁጥር ጋር ታስሯል። 40 ገብቶ 39 ከወጣ "አንዱ የት ሄደ፣ ለምን?" ይባላል። ዝም ብሎ ስክራፕ ውስጥ መክተት ሁለተኛ ጥፋት ነው።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፑንታ በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ እየደከመ ነው የሚሄደው። 17ኛው ላይ ጮኸ። 16ኛው ላይስ እንዴት ነበር? 15ኛው? 14ኛው? 17ን ብትጥለው እነሱ ትሪው ላይ ይቀራሉ። ምን እንደተፈጠረ ካልተናገርክ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

የራሴን ልንገርህ። አሜሪካ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ሌላ ሾፕ ውስጥ፣ 316 ኤል የሚባለውን የማይዝግ ብረት ፕሌት እሠራ ነበር። ለአጥንት ነው። አንዱ ከእጄ አመለጠና ማሽኑ ጠርዝ ላይ ጫረው። እኔ ምን አደረግኩ? አሸዋ ወረቀት ይዤ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ጭረቱን አሸሁት፣ አለሰለስኩት፣ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። ያማረ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደንበኛው ጋ ሲለካ ያ ቦታ 30 ማይክሮን ሳስቶ ተገኘ። አንድ ፕሌት ብቻ ነበር። እነሱ ግን ሌሎቹም እንደዚያ ይሆናሉ ብለው 60ውንም መለሱ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ቆመን አንድ በአንድ ለካን። ሌሎቹ ሰዎች ከቤተሰባቸው ተለይተው እኔ ባጠፋሁት ሥራ ላይ ቆመው ሳያቸው የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። አለቃው ጠርቶ ያለኝ ቃል "ጭረቱ አንድ ፕሌት ነበር" የሚል ነው። ከሥራ ሊያስወጣኝ የደረሰው በአሸዋ ወረቀቱ ነው።

ስለዚህ ንገራቸው። ዛሬ፣ ሺፍትህ እንደጀመረ፣ ማሽን ከመንካትህ በፊት።


ለካኪዋ፦

ሰላም ወንድሜ። ጋሼ ባለ ቶርኖ ያሉትን ከእኔ በኩል ላጠናክር። እኔ ሚኒያፖሊስ አካባቢ የሕክምና ዕቃ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ኢንስፔክተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው መለኪያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ነው፣ በጋም ክረምትም። የምለብሰው ሹራብ ወንበሬ ላይ ይኖራል። 100 ሚሊ ሜትር የሆነ አሉሚኒየም በ5 ዲግሪ ልዩነት ወደ 12 ማይክሮን ያድጋል። ለአንተ ቀዳዳ ከተፈቀደው ጋር ሊቀራረብ ምንም አልቀረውም። ለዚህ ነው ፓርት ሞቆ ከማሽን እንደወጣ የማንለካው።

አንድ ነገር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እኛ ኢንስፔክተሮች ሁሉን የምናይ ይመስላችኋል። አይደለም። ሲኤምኤሙ (ነጥብ እየነካ የሚለካው ማሽን) ቀዳዳህ ውስጥ ገብቶ የተወሰኑ ነጥቦችን ነክቶ ይወጣል። ክቡ ክብ ነው ይላል፣ ልኩ ገብቷል ይላል፣ አረንጓዴ ያበራል። የተቃጠለ ግድግዳ ላይም አረንጓዴ ያበራል።

የተቃጠለን ነገር የሚያሳዩ ምርመራዎች አሉ። ለሚሽከረከሩ የሞተር ቲታኒየሞች ሰማያዊ አኖዳይዝ የሚባል አለ፤ ፓርቱ በአሲድ ይታጠብና ቀለም ይሰጠዋል፣ የተለወጠው ቦታ በቀለሙ ይለያል። ለማረፊያ ጎማ እግር የሚሆኑት ጠንካራ ብረቶች ደግሞ ሲሞረዱ ተቃጥለው እንደሆነ ናይታል በሚባል የአሲድ ፈሳሽ ይታያል። ነገር ግን እነዚህ ለሁሉም ፓርት አይደረጉም። ድሮዊንጉ ካልጠየቀ ወይም አንድ ሰው "እዚህ ጋ አንድ ነገር ሆኗል" ካላለኝ አላደርጋቸውም። የሚነግረኝ ማነው? ማሽኑ ፊት የቆመው ሰው ብቻ ነው።

ደግሞ ይህንንም ልብ በል። ፑንታ ተሰብሮ በሌላ ፑንታ መቀጠል፣ ፕሮግራሙ ላይ የሌለ ነገር ማድረግ፣ ሪወርክ (ዳግም ሥራ) ሊባል ይችላል። በአውሮፕላን ዕቃ የጥራት ደረጃ ኤኤስ9100 ላይም ሆነ በሕክምና ዕቃው አይኤስኦ 13485 ላይ ሪወርክ ፈቃድና ወረቀት ይፈልጋል። ክፉ ነገር አስበህ እንዳላደረግከው ግልጽ ነው። ግን ትራቬለሩ (ከፓርቱ ጋር የሚሄደው የሥራ ወረቀት) ላይ ካልተጻፈ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ያ ቀዳዳ እንደ ሌሎቹ የተበሳ ይመስለዋል።

እኔ የማየው ትንንሽ ብሎን ነው፣ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ። አንዳንዴ ማይክሮስኮፕ ውስጥ የጥርሱ ጥግ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ቡር (የብረት ትርፍ) ተጣብቆ አያለሁ። በዓይን አይታይም። ይህ የሆነ ሰው እግር ውስጥ ይገባል። ያንን ሰው አላውቀውም፣ ግን ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር እናቴን አስባለሁ። ጭኗ ላይ እንዲህ ያለ ብሎን አለ።


የመርካቶ_ልጅ፦

ከአዲስ አበባ ነው። ርዕሱ ስለሳበኝ ገባሁ። እኛ ጋ ቲታኒየም አይመጣም፤ የወፍጮ ዘንግና የመኪና ዕቃ ነው በቶርኖ የምንሠራው። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ብረት ስንላጭ ቺፑ ሰማያዊ ሲሆን አለቃችን "ጥሩ ነው፣ ሙቀቱን ይዞ እየወጣ ነው" ይለናል። እዚህ ግን ሰማያዊ ቺፕ እንደ መጥፎ ምልክት ነው የምታወሩት። የቱ ነው ልክ?


ባለ_ቶርኖ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። አለቃህ ትክክል ነው። ብረት በካርባይድ (በጣም ጠንካራ መቁረጫ) ስትላጭ ሰማያዊ ቺፕ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ሙቀቱ በቺፑ ወጥቷል፣ ፓርቱ ቀዝቅዞ ቀርቷል። ቲታኒየም ላይ ግን ቺፑ እንደ ብር ነጭ ሆኖ መውጣት አለበት። ወርቅማ ሲል ጠይቅ። ሰማያዊ ሲል አቁም። ለዚህ ነው ፍጥነቱን የምንቀንሰው። አሉሚኒየም ላይ በደቂቃ 300 ሜትር የሚሄድ ካርባይድ፣ ስክስ-ፎር ላይ ስትበሳ ከ30 እስከ 50 ሜትር አካባቢ ነው። ፊዱ፣ ማለትም ፑንታው ወደ ብረቱ የሚገፋበት ፍጥነት፣ ግን አይፈራም። ፑንታው ሁልጊዜ እየቆረጠ መሄድ አለበት፤ ቆሞ ከዞረ ያሻል።

አንድ ቀን ቲታኒየም እጃችሁ ከገባ ይህንም ያዙ። ደቃቁ ቺፕ እሳት ይይዛል። ከያዘ ውሃ እንዳትረጩበት፣ ይብሳል። የብረት እሳት ማጥፊያ፣ ክላስ ዲ የሚሉት፣ ወይም ደረቅ አሸዋ ነው።


ጀማሪ_ኦፕሬተር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የዴልታውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናገራለሁ፣ ወስኛለሁ። ግን ምን ብዬ ልጀምር? እንግሊዝኛዬ ስደነግጥ ይጠፋብኛል። ለሁለት ሰዓት ያህል ዓረፍተ ነገር ስሠራና ስሰርዝ ቆየሁ። ሁሉም ይቅርታ ልመና ይመስላል።


ባለ_ቶርኖ፦

ይቅርታውን ለኋላ አቆየው። የሆነውን ብቻ ተናገር። ወረቀት ላይ ጻፈውና ይዘህ ግባ፣ ማንም አይስቅብህም። ሊድህ የሚፈልገው ይህንን ነው፦ የትኛው ፓርት፣ የትኛው ቀዳዳ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛው ቁጥር ፑንታ፣ ስንት ጥልቀት ላይ ቆመ፣ ከዚያ ምን አደረግክ። "ትናንት 17 ላይ ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ፑንታ ተሸረፈ፣ ቺፑ ሰማያዊ ነበር፣ በአዲስ ፑንታ ጨረስኩት፣ ትናንት መናገር ነበረብኝ" በቃ። ከዚያ ዝም በል፣ እሱ ይጠይቅ።

ስትገባ መጀመሪያ 17ን ከትሪው አውጥተህ ቀይ ታግ (እንዳያልፍ የሚያግድ ምልክት) እሰርበት። አትጠበው፣ አታለስልሰው። የተሸረፈው ፑንታ የት አለ? ካልጣልከው ፈልገው። ለኢንጂነሩ ከፓርቱ እኩል የሚናገር እሱ ነው። የማሽኑ ስክሪን ላይ ያለውን የቱል ገጽም (የመቁረጫዎቹን መዝገብ) አንድ ጊዜ እየው፤ ያ ፑንታ ስንት ቀዳዳ እንደበሳ ማሽኑ ይቆጥራል።

ሊድህ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። እኔም ሊድ ሆኜ ያውቃል። ሰው መጥቶ ሲነግረኝ በመጀመሪያው ደቂቃ ፊቴ ይከብዳል፣ ማታ ስለምንዘገይ ነው የማስበው። ከዚያ በኋላ ግን ያንን ልጅ ማሽን ላይ ብቻውን ትቼው ምሳ እበላለሁ።


ሰው_ለሰው፦

ጋሼ፣ ተምሬበታለሁ። የቁጥሩን ነገር አላውቅም ነበር። እኛ ጋ በቀን ሺህ ነው የሚወጣው፣ አንድ ሲጠፋ ማንም አያየውም። ወንድሜ፣ ምክሬን ተወው። እንዴት እንደሆነልህ ግን ንገረን።


ጀማሪ_ኦፕሬተር፦

ሳምንት ሆነኝ። የዘገየሁት የሚሆነውን ሳላይ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው።

በዚያው ቀን ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። ሊዱ ቡናውን አስቀምጦ ሰማኝ። አልጮኸም። "ፑንታው የት አለ?" ነው ያለኝ፣ ልክ ጋሼ እንዳሉት። ማሽኑ ስር ካለው ሳጥን ውስጥ አገኘነው። ከዚያ የቱል ገጹን ከፈተ። እዚያ ነው ፊቱ የተለወጠው።

ሴትአፕ ወረቀቱ (የማሽን ማዘጋጃ መመሪያው) ላይ ያ ፑንታ 24 ቀዳዳ ከበሳ በኋላ ይቀየር ይላል። 6 ፓርት ማለት ነው። ማሽኑ ላይ ግን ገደቡ 80 ተብሎ ነው ያለው። ከዚያ በፊት በዚያ ማሽን የተሠራው አሉሚኒየም ነበር፤ ቁጥሩ ከእሱ ቀርቶ ማንም አልለወጠውም። የጮኸው 67ኛው ቀዳዳ ላይ ነው። እኔ ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ ገጹን ግን አላየሁም። ማሽኑ ራሱ "ቀይር" ይለኛል ብዬ ነው የጠበቅኩት። በቀኑ ሺፍት ማሽኑን ያዘጋጀው ሰውም አላየውም።

ስለዚህ ነገሩ 17 ብቻ አልሆነም። ከ7 ጀምሮ እስከ 17 ያሉት 11 ፓርቶች ሁሉ ቀይ ታግ ታሰረባቸው። ከ18 እስከ 22 ያሉት በአዲሱ ፑንታ ስለተበሱ ቆጠርን፤ ከ17 ሦስተኛና አራተኛ ቀዳዳ ጋር 22 ነው፣ በገደቡ ውስጥ ነው። እነሱ ቀጠሉ።

17ን በሽቦ ማሽን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹ ቀዳዳ ተከፍቶ እንደ ቦይ ሆነ። አለሰለሱት፣ አሲድ ቀቡት፣ ከዚያ ኢንጂነሯ ጠርታ ማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። የብረቱ ፍሬ ፍሬ ይታያል፣ እንደ ምንጣፍ። ሦስተኛው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ግን፣ ፑንታው የቆመበት ጥልቀት ጋ፣ ፍሬ የሌለው ነጭ መስመር አለ። ሪመሩ አልፎበትም አለ። ጌጁ የገባበት ቀዳዳ ነው። ለረጅም ጊዜ አየሁት። እሷም አላጣደፈችኝም።

ከ7 እስከ 16 ያሉት አሥሩ ገና ተቆልፎባቸው ነው። ለደንበኛው ተጽፏል፣ የሚወስነው እሱ ነው። ለካኪዋ እህቴ፣ ትራቬለሩ ላይ የጻፍኩትን ሦስት መስመር ሦስት ሰዎች ፈርመውበታል። ሥራዬ ላይ ነኝ። ማስጠንቀቂያ ወረቀት ተሰጥቶኛል፣ ሳልናገር ወጥቼ በመሄዴ፤ ልክ ነው፣ ፈረምኩበት። ያ ባለፈው ወር የተጮኸበት ልጅ መጥቶ የሆነውን ጠየቀኝ። እሱም በእሱ ጊዜ ያልተናገረው ነገር እንዳለ ነገረኝ፣ አብረን ወደ ሊዱ ሄድን።

ዛሬ ማታ የቀሩትን ከ23 ጀምሬ ልሠራ ነው። ቱል ገጹ ላይ አሁን 24 ይላል። ሊዱ እንደቀየረው ነግሮኛል፤ ቢሆንም መብራቱን አብርቼ ራሴ አየሁት።